የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሙያ ሥልጠና በዋሽንግተን አካባቢ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከታክሲ፣ ከፓርኪንግ ወይም ከመጋዘን ሥራ ወጥተው የእጅ ሙያ ለመያዝ ሲያስቡ ዓይናቸውን ከሚጥሉባቸው ሙያዎች አንዱ በተለምዶ «ኤችቫክ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም የቤትና የሕንፃ ማሞቂያ፣ የአየር ማቀዝቀዣና የምግብ ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ተከላና ጥገና ነው። ይህ ፍላጎት ከባዶ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት የሙያው መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ በሜይ 2024 59,810 ዶላር ነበር፤ ይህም ማለት ከሙያው ሰዎች ግማሹ ከዚህ በላይ፣ ግማሹ ከዚህ በታች ያገኙ ነበር። በእኛ አካባቢ ደግሞ የጃንዋሪው ብርድና የጁላይው ወበቅ ለየራሳቸው ሥራ ይዘው ይመጣሉ፤ በሎደን ካውንቲ በአሽበርን ዙሪያ የተሰበሰቡት የዳታ ማዕከላትም ሌት ተቀን ሙቀት የሚያመነጩ ኮምፒውተሮች የታጨቁባቸው በመሆናቸው ያለ ማቀዝቀዣ ሊሠሩ አይችሉም።

ወደ ሙያው የሚያስገቡት መንገዶች ግን በዋጋም፣ በሚፈጁት ጊዜም፣ በመጨረሻ በሚያስጨብጡት ወረቀትም እጅግ ይለያያሉ። በእኔ እምነት ማንኛውንም መንገድ ለመመዘን ከሁሉ የሚቀድሙት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው፣ ሠልጣኙ በመምህር ወይም በባለሙያ ዓይን ሥር ሆኖ ማሽኑን በእጁ የሚፈታበትና የሚገጥምበት ሰዓት ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ያ ሰዓት ወደፊት ለስቴቱ የሙያ ፈቃድ ይቆጠርለታል ወይ የሚለው ነው። የሥልጠናው ዋጋ፣ የትምህርት ቤቱ ቅርበትና የክፍሉ ሰዓት የሚመዘኑት ከእነዚህ በኋላ ነው።

ካርዱ ሌላ፣ ፈቃዱ ሌላ

ምርጫውን ከምንም በላይ የሚያዛባው የፌዴራሉን የምስክር ወረቀት ከስቴቱ ፈቃድ ጋር ማምታታት ስለሆነ አስቀድሞ ይህን መለየት ያስፈልጋል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ማለትም ኢፒኤ፣ በንጹሕ አየር ሕጉ ክፍል 608 መሠረት የማቀዝቀዣ ጋዝ ሊያመልጥ በሚችልበት የጥገና ሥራ ላይ የሚሰማራ ቴክኒሻን ሁሉ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያስገድዳል። ዓይነት አንድ በፋብሪካ ታሽገው የሚመጡና 5 ፓውንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ጋዝ የያዙ ትንንሽ መሣሪያዎችን፣ ዓይነት ሁለት የቤትና የሱቅ ማቀዝቀዣዎችን የመሳሰሉ ባለ ከፍተኛ ግፊት መሣሪያዎችን፣ ዓይነት ሦስት ደግሞ በትልልቅ ሕንፃዎች የሚገኙትን ባለ ዝቅተኛ ግፊት ቺለሮች (ውሃ የሚያቀዘቅዙ ትልልቅ ማሽኖች) ይመለከታል። ሁሉንም ያለፈ ሰው «ዩኒቨርሳል» የተባለውን ያገኛል። ፈተናው እያንዳንዳቸው 25 ጥያቄዎች ያሏቸው አራት ክፍሎች ሲኖሩት በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 18 ጥያቄ መመለስ ይጠበቃል፤ አንዴ የተገኘ የምስክር ወረቀትም ጊዜው አያልፍበትም።

ይህን ፈተና እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ትጉህ ሰው ለጥቂት ሳምንታት መጽሐፍ አጥንቶ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ በመጨረሻው ይህን ካርድ ብቻ ለማስያዝ ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ኮርስ የሚከፈልበትን ያህል ዋጋ የለውም። ካርዱ ጋዝ ለመግዛትና ለመንካት ያስችላል እንጂ በራስ ስም ሥራ ለመያዝ አያስችልም።

በራስ ስም ሥራ ለመያዝ የሚያበቃው የስቴቱ ፈቃድ ሲሆን እርሱም የሚመጣው በዓመታት ነው። በቨርጂኒያ ለጆርኒማን (ከተለማማጅነት ላለፈ ባለሙያ) ፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ የተለመደው መስፈርት አራት ዓመት የሥራ ልምድና 240 ሰዓት መደበኛ የሙያ ትምህርት ነው፤ የልምዱ ዘመን ሲረዝም የሚፈለገው የክፍል ሰዓት ይቀንሳል። በሜሪላንድ ሥራውን የሚጀምር ሰው በመጀመሪያ የአፕረንቲስ (የተለማማጅ) ፈቃድ ያወጣል፤ ከዚያ በማስተር፣ ማለትም የከፍተኛው ደረጃ ፈቃድ ባለው ባለሙያ፣ ሥር ሦስት ዓመት ሠርቶ ለጆርኒማን ይፈተናል፤ ማስተር ለመሆን ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት ይሠራል። ዲሲ የራሷ የኢንዱስትሪ ሙያዎች ቦርድ አላት። በሌላ ስቴት የሚኖር አንባቢ የሚኖርበትን ስቴት ሕግ ለይቶ ማየት አለበት፤ ለምሳሌ ኮሎራዶ በስቴት ደረጃ የኤችቫክ ፈቃድ የላትም፣ ጉዳዩን ለዴንቨርና ለመሰሎቿ ከተሞች ትታዋለች። መስፈርቶቹ በየጊዜው ስለሚሻሻሉም ከመመዝገብ በፊት የስቴቱን ቦርድ ገጽ መመልከት ግድ ነው።

የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መንገድ

በቨርጂኒያ በኩል የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ኖቫ፣ በዉድብሪጅ ካምፓሱ የአየር ማቀዝቀዣና የሪፍሪጅሬሽን ትምህርት ይሰጣል። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሮክቪል በሚገኘው የጉደልስኪ ኢንስቲትዩት ያስተምራል፤ የፕሪንስ ጆርጅስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም እንዲሁ። በቨርጂኒያ የስቴቱ፣ በሜሪላንድ ደግሞ የካውንቲው ነዋሪ ለሆነ ሰው የአንድ ክሬዲት ክፍያ ከ200 ዶላር ብዙ ስለማይርቅ የዓመት ሰርተፊኬት ጠቅላላ ወጪ ከግል ትምህርት ቤት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ከዚህም ላይ እርዳታው አለ፤ እርዳታውን ሳይጠይቁ ከኪስ የሚከፍሉ ወገኖች ቁጥር ያሳዝነኛል። በዲቪም ሆነ በቤተሰብ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ፣ ስደተኝነቱ የታወቀለት ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ለፌዴራሉ ፔል ግራንት ብቁ ሊሆን ይችላል፤ ከፍተኛው መጠን ለ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ሲሆን የሚመለስ ብድር አይደለም። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ብቻ የያዘ ግን የፌዴራሉን እርዳታ አያገኝም። ቨርጂኒያ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ «ጂ ስሪ» በተባለው ፕሮግራሟ ተፈላጊ በሆኑ ሙያዎች ለሚማሩ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች የትምህርት ክፍያውን ትሸፍናለች፤ «ፋስት ፎርዋርድ» በተባለው የአጭር ጊዜ ሥልጠና ደግሞ ተማሪው ከዋጋው አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይከፍላል።

የኮሌጁ ድካም ወዲያው ደመወዝ አለማስገኘቱ ነው። የክፍሉ ሰዓት በቨርጂኒያ ለተጠቀሰው 240 ሰዓት ቢያገለግልም የአራቱን ዓመት ልምድ አይተካም፤ ተመርቆ ሥራ እስኪገኝም ማንም ዋስ አይሆንም። ስለዚህ ኮሌጅን ብቻውን ሙሉ መንገድ አድርጎ ከመያዝ ቀን በሥራ ላይ፣ ማታ በክፍል መሆንን እመርጣለሁ። ትምህርት ሲያልቅም የተማሩትን ሰዓት ቆጥሮ የሚገልጽ ደብዳቤ ከኮሌጁ መጠየቅ ይገባል፤ የምረቃ ወረቀት ብዙ ጊዜ ሰዓት አይጽፍም።

ላቦራቶሪውን ሳያዩ አይመዝገቡ

የትኛውንም ትምህርት ቤት ለመምረጥ ከማስታወቂያው ይልቅ የሥራ ክፍሉን ማየት ይበልጣል። ጥሩ ሥልጠና ምን እንደሚያስተምር ለማሳየት አንድ የተለመደ ብልሽት በቅርብ ልግለጽ። በጁላይ ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ «ቤቱ አልቀዘቅዝ አለ» ብሎ ይደውላል። ቴክኒሻኑ ከቤቱ ውጭ ያለውን ማሽን ሲያየው ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል) ያጉረመርማል፣ ከላይ ያለው ማራገቢያ ግን ቆሟል። በወጉ ያልሠለጠነ ሰው ወዲያው የግፊት መለኪያውን ሰክቶ ጋዝ ይጨምራል፤ ማራገቢያው ካልዞረ ሙቀቱ ስለማይወጣ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይንራል፣ ኮምፕሬሰሩም ሊቃጠል ይችላል። የሠለጠነው ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ሳጥን ያጠፋል፣ በካፓሲተሩ (ሞተሮቹን በሚያግዘው የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) ውስጥ የተጠራቀመውን ኃይል በጥንቃቄ ያፈስሳል፣ ሽቦዎቹን ነቅሎ በመልቲሜትር ይለካል። ጎኑ ላይ 45 እና 5 ማይክሮፋራድ ተብሎ የተጻፈበት ካፓሲተር በኮምፕሬሰሩ በኩል 44፣ በማራገቢያው በኩል 2 ብቻ ካነበበ ጥፋቱ ተገኘ። ዕቃው ርካሽ ነው፣ መቀየሩም የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ጋዙ ምንም አልጎደለም ነበር።

ይህን በወረቀት ላይ መማርና በእጅ መማር የተለያዩ ናቸው። መምህሩ ሆን ብሎ ያበላሻቸውን ማሽኖች ተማሪው እየደጋገመ የሚመረምርበት ትምህርት ቤት ይፈለጋል። ስለ ቱቦ ብየዳም እንዲሁ ይጠይቁ፤ የመዳብ ቱቦ ሲበየድ በውስጡ ናይትሮጅን ካልፈሰሰ ጥቁር ቅርፊት ይፈጠራል፣ ያም ቅርፊት ከወራት በኋላ ጋዙ የሚመጠንበትን ቫልቭ ይደፍናል። ከብየዳው በኋላ መስመሩ በቫኩም ፓምፕ ከ500 ማይክሮን (የቫኩም መለኪያ) በታች እስኪወርድ መሳብና መቆየቱን በመለኪያ ማረጋገጥ አለበት። ይህን ሁሉ መምህሩ አንዴ አሳይቶ የሚያልፈው ከሆነና ተማሪው ራሱ የማይሠራው ከሆነ፣ ክፍያው ምንም ያህል ቢቀንስ ውድ ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ ጋዙ ነው። አር-22 የተባለው የቆየ ጋዝ ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ አዲስ አይመረትም፣ ከውጭም አይገባም። ተክቶት የነበረው አር-410ኤ ደግሞ የአየር ንብረትን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,088 እጥፍ ስለሆነ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ለሚመረቱ አዳዲስ የቤት ማቀዝቀዣዎች ገደቡ 700 ሆኗል፤ በዚህም አር-454ቢ እና አር-32 ቦታውን ይዘዋል። እነዚህ በመጠኑ ተቀጣጣይ በመሆናቸው የሚያስፈልጓቸው የጋዝ መሰብሰቢያ ማሽኖች፣ የሚያመልጥ ጋዝ ጠቋሚዎችና የጥንቃቄ ደንቦች ይለያሉ። በሥራ ክፍሉ ውስጥ በአዲሱ ጋዝ የሚሠራ አንድ ማሽን እንኳ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪውን ለትናንት ሥራ ያዘጋጃል። አሮጌዎቹ ማሽኖች ለብዙ ዓመታት መጠገናቸው ስለማይቀር ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅማል፤ አዲሱን ጨርሶ አለማወቅ ግን አይገባም።

የግል የሙያ ትምህርት ቤት

የግል ትምህርት ቤቶች መሸጫቸው ፍጥነት ነው፤ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ያስመርቃሉ፣ የማታ ክፍል አላቸው፣ ሥራ በማፈላለግም ያግዛሉ። ዋጋቸው ግን ከ15,000 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውም ብድር ይሆናል። ልጆች ለሚያሳድግና አገር ቤት ላሉ ወላጆቹ ገንዘብ ለሚልክ ሰው እንዲህ ያለ ዕዳ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ደመወዝ ይበላዋል፤ አዲስ ተመራቂም የሚጀምረው በረዳትነት ደመወዝ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ መሄድን የምደግፈው አሠሪ ሲከፍል፣ ወይም በአካባቢው የአሜሪካን ጆብ ሴንተር በኩል በ2014ቱ የሠራተኛ ኃይል ሕግ የሥልጠና ገንዘብ ሲገኝ፣ ወይም ሠልጣኙ ያጠራቀመው ገንዘብ ሲኖር ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ዕውቅና በአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ከታወቀ ድርጅት የተገኘ መሆኑን፣ ክሬዲቱ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይዛወር እንደሆነ፣ ከተመዘገቡት ስንቱ እንደጨረሱና ስንቱ በሙያው እንደተቀጠሩ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ዛሬ ካልፈረምክ ቦታው ይሞላል» የሚል ሰው ካጋጠመ ወጥቶ መሄድ ነው።

አፕረንቲስሺፕ

ለሚችለው ሰው ከሁሉ የምመርጠው ይህ ነው። በመንግሥት የተመዘገበ አፕረንቲስሺፕ ማለት ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ቀን ደመወዝ እየተከፈለው በባለሙያ ሥር የሚሠራበት፣ በተጨማሪም በክፍል የሚማርበት ውል ነው። የተለመደው ልክ በዓመት 2,000 ሰዓት ሥራና 144 ሰዓት ትምህርት ነው። ደመወዙ ብዙ ጊዜ ከሙሉ ባለሙያው ግማሽ አካባቢ ጀምሮ በየደረጃው ያድጋል፤ በዩኒየን (በሠራተኛ ማኅበር) በኩል ሲሆን የጤና መድንና ጡረታም ይኖረዋል። ሰዓቱ በሰነድ ስለሚያዝ ከላይ ያነሣኋቸው ሁለቱም ጥያቄዎች እዚህ መልስ ያገኛሉ።

በዋሽንግተን አካባቢ ትልቁ በር የስቲምፊተሮች (የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ቧንቧ ሠራተኞች) ዩኒየን ሎካል 602 ሲሆን ሥልጠናው አምስት ዓመት ይፈጃል። ከዩኒየን ውጭ ያሉ ኩባንያዎችም የተመዘገበ አፕረንቲስሺፕ አላቸው፤ ለነዚህ የሚያስፈልገውን የማታ ትምህርት የፌርፋክስ ካውንቲ የጎልማሶች ትምህርት ክፍልን የመሳሰሉ ተቋማት ይሰጣሉ። ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ወይም ጂኢዲ (አቻ ፈተናው)፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሂሳብና የንባብ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና የዕፅ ምርመራ ይጠየቃል። ከኢትዮጵያ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ትራንስክሪፕቱን አስቀድሞ አስተርጉሞና አስገምግሞ ቢይዝ ማመልከቻው በወረቀት ምክንያት አይቆምበትም። ፈተናው ላይ ብዙዎቹን የሚጥላቸው ክፍልፋይና ቀላል አልጀብራ ነው፤ ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው ለዚህ መዘጋጀት አለበት።

ጉድለቶቹም መነገር አለባቸው። መቀበያ ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ ወራት መጠበቅ ሊኖር ይችላል። የዩኒየን ሥራ በብዛት በትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ስለሆነ አንድ ሠልጣኝ ቧንቧ በመዘርጋትና በመበየድ ዓመታት አሳልፎ ብልሽት የመመርመር ዕድል ላያገኝ ይችላል። ዓላማው ወደፊት የራሱን የቤት ጥገና ድርጅት መክፈት የሆነ ሰው የሚገባበት ዘርፍ ተከላ ይሁን ጥገና ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ አለበት። የግንባታ ሥራ ሲቀዘቅዝም ከሥራ መቀነስ አለ።

በረዳትነት መጀመር

ይህ በኅብረተሰባችን ውስጥ በጣም የተለመደው ነው፤ አንዱ ወንድም ኩባንያ አለው፣ ሌላው ከእርሱ ጋር መሣሪያ ተሸክሞ ይጀምራል። ገንዘቡ ወዲያው ይመጣል፣ ቋንቋው አይከብድም፣ ጥሩ ባለሙያ ከተገኘም በአንድ በጋ የሚታየው ሥራ ከክፍል የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ነገር ግን አደጋው ከባድ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለና በየትም ያልተመዘገበ የአራት ዓመት ሥራ በፈቃድ ቦርዱ ፊት ሊረጋገጥ አይችልም። ሰው ሙያውን ጠንቅቆ እያወቀ ማስረጃ በማጣት እንደገና ከዜሮ ሲጀምር ማየት ያሳምማል።

በመሆኑም ረዳት ሆኖ የሚገባ ሰው ከዝምድናም ከወዳጅነትም በፊት እነዚህን ያረጋግጥ፦ አሠሪው ራሱ ፈቃድ አለው ወይ፤ ደመወዙ በደብሊው ቱ (ግብር እየተቀነሰለት ለተቀጣሪ የሚሰጥ ቅጽ) ነው ወይስ በ1099። በ1099 የሚሠራ ሰው በሕግ እንደ ራሱ ቀጣሪ ስለሚቆጠር 15.3 በመቶ የሆነውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ብቻውን ይከፍላል፤ ከጣሪያ ላይ ቢወድቅም የሥራ አደጋ መድን ላይኖረው ይችላል። በሜሪላንድ ከሆነ የአፕረንቲስ ፈቃዱን ሥራውን ሲጀምር ማውጣት ግድ ነው። ቀኑን፣ ቦታውንና የሠራውን ዓይነት በደብተር የሚጽፍ፣ በየዓመቱም የማስተሩ ፈቃድ ቁጥር ያለበት ደብዳቤ የሚያስፈርም ረዳት ግን ከኮሌጁ ተማሪ እኩል ሊራመድ ይችላል።

ከነዚህ ጎን አንድ ሌላ በር በአጭሩ ልጥቀስ። በሆቴል፣ በሆስፒታልና በቢሮ ሕንፃ የሚሠሩ የሕንፃ ኢንጂነሮች ቦይለርና ቺለር ይቆጣጠራሉ፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙዎቹን የሚወክለው የኦፕሬቲንግ ኢንጂነሮች ዩኒየን ሎካል 99 ነው። በዲሲ ለዚህ ሥራ የስቲም ኢንጂነር ፈቃድ ይጠየቃል። በሆቴል ውስጥ በሌላ ክፍል የሚሠራ ሰው ወደዚህ ክፍል ለመዛወር ከውጭ ከሚመጣው የተሻለ ዕድል ሊኖረው ስለሚችል ኃላፊውን መጠየቅ አይጎዳውም።

ሙያውን ከኢትዮጵያ ይዞ ለመጣ

ከተግባረ እድ፣ ከጄኔራል ዊንጌት ወይም ከሌላ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ወይም በማቀዝቀዣ ሙያ ተመርቆ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና ያለፈ ሰው ሁሉንም ከመጀመሪያ መማር አያስፈልገውም። የማቀዝቀዣ ዑደቱ በየትም ያው ነው። የሚለየው አንደኛ መለኪያው ነው፤ እዚህ ኤሌክትሪኩ 120 እና 240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፣ ሙቀት በፋረንሃይት፣ ግፊት በፒኤስአይ፣ የማሽን አቅም በቶን ይለካል፤ አንድ ቶን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ክፍተት ማሞቂያው ነው። አገር ቤት የቤት ማሞቂያ ስለማይታወቅ ጎበዝ የፍሪጅ ባለሙያ እንኳ የጋዝ ፈርነስ ከፍቶ አያውቅ ይሆናል። የነበልባሉን መልክ መለየት፣ የሙቀት መለዋወጫው መሰንጠቁን መመርመር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን መለካት የሰው ሕይወት የሚጠበቅባቸው ሥራዎች ናቸው፤ በግምት አይሠሩም።

እንዲህ ላለው ሰው የምመክረው በመጀመሪያ የ608 ዩኒቨርሳሉን በራሱ አጥንቶ ማለፍ፣ ቀጥሎ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጋዝ ማሞቂያና የሂት ፓምፕ (ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችል ማሽን) ኮርሶችን ብቻ ለይቶ መውሰድ፣ ከዚያም በደብሊው ቱ የሚቀጥር ፈቃድ ያለው ኩባንያ መፈለግ ነው። የኮሌጁን አማካሪ ለቀድሞ ልምዱ ክሬዲት የሚሰጥበት ፈተና መኖሩን ይጠይቅ፤ የአገር ቤት አሠሪዎቹ የሠራባቸውን ዓመታትና የማሽኖቹን ዓይነት ዘርዝረው እንዲጽፉለትም አሁኑኑ ያነጋግራቸው፤ ድርጅቶች ይዘጋሉ፣ ኃላፊዎችም ይቀየራሉ።